የወህኒው በር ስንት ነው? የካውንቲ እስር ቤቶች የስምንት መቶ ዓመት ታሪክ

ስለ አሜሪካ እስር ቤት ሲወራ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው በፊልም ያየው ነው፤ ረጅም ግንብ፣ ማማ ላይ የቆመ ጠባቂ፣ ሃያ ዓመት የተፈረደበት ታራሚ። እንዲህ ያለው ቦታ አለ። አብዛኛው አሜሪካዊ እስርን የሚያውቀው ግን በዚያ በር ገብቶ ሳይሆን በካውንቲው እስር ቤት በር ገብቶ ነው።

እንግሊዝኛው ሁለቱን በስም ይለያቸዋል። «ፕሪዝን» የተፈረደበት ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይበት የስቴት ወይም የፌደራል ማረሚያ ቤት ነው። «ጄይል» ደግሞ በአብዛኛው በካውንቲ ወይም በከተማ የሚተዳደር፣ የተያዘ ሰው ፍርድ እስኪያገኝ የሚቆይበትና አጭር ቅጣት የሚፈጸምበት ቤት ነው። በሀገር ቤት የእስረኛ ቋንቋ የመጀመሪያው የፍርደኛ፣ ሁለተኛው በአመዛኙ የቀጠሮኛ ቤት ነው።

በ2022 አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ የአካባቢ እስር ቤቶች ውስጥ 663,100 ሰው ነበር። ከመቶው ሰባው ገና አልተፈረደበትም። እስከዚያው ሰኔ በነበረው አንድ ዓመት በእነዚህ በሮች 7.3 ሚሊዮን ጊዜ ሰው ገብቷል። አንዱ ሰው ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ቢችልም ቁጥሩ ትልቅ ነው።

የዚህን ቤት ታሪክ ከሥሩ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ሕጉ ተለውጧል፣ ግንቡ ተለውጧል፣ ብረቱ ተለውጧል። «የቁልፍ ያዡን ቀለብ ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከስምንት መቶ ዓመት በላይ እንዳለ ነው። መልሱ «እስረኛው» በሆነበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ወህኒው የወንጀለኛ ቤት መሆኑ ይቀርና የድሃ ቤት ይሆናል።

ንጉሡ ቤቱን አሠራ፣ ቀለቡን ግን አልሰፈረም

በ1166 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ በክላረንደን ባወጣው ድንጋጌ፣ እስር ቤት በሌለበት ካውንቲ ሁሉ ሸሪፎች እስር ቤት እንዲያሠሩ አዘዘ። ሸሪፍ ማለት በካውንቲው ውስጥ የንጉሡ እንደራሴ ነው። ወጪው ከንጉሡ ገንዘብ፣ እንጨቱም በአቅራቢያ ካለ ከንጉሡ ደን እንዲሆን ተፈቀደ።

ቤቱ ለቅጣት አልተሠራም። የዚያ ዘመን ቅጣት መሰቀል፣ አካል መቆረጥ ወይም መቀጮ ነበር። እስር ቤቱ የተፈለገው የንጉሡ ዳኞች ካውንቲ ለካውንቲ እየዞሩ ስለሚያስችሉ፣ ተጠርጣሪው እነርሱ እስኪመጡ እንዳይጠፋ ለማቆየት ነው። የመጠበቂያ ቤት ነበር። ዳኞቹ ከዘገዩ መጠበቁ ወራት ይፈጅ ነበር።

ግንቡ ተሠራ፤ የጠባቂው ደመወዝ ግን አልታሰበበትም። ስለዚህ ጠባቂው ኑሮውን ከእስረኛው ላይ ማውጣት ጀመረ። ለመግቢያ ይከፈላል። ለአልጋ ይከፈላል። ከባዱ የእግር ብረት በቀላሉ እንዲለወጥ ይከፈላል። ቢራ የሚሸጠውም ጠባቂው ነው። በመጨረሻም ለመውጫ ይከፈላል። ብዙ ቦታ የጠባቂነቱ ሹመት ራሱ እንደ ገበያ ቦታ በገንዘብ የሚያዝ ነበር፤ የገዛው ሰው ያወጣውን ማስመለስ ነበረበት። ምግብ የሚያመጣው ዘመድ ነው። ስንቅ የሚያመላልስ ዘመድ የሌለው በምጽዋት ይኖራል፤ ምጽዋት ከቀረም ይራባል።

ውጤቱ እስረኛው ላይ ብቻ አላበቃም። በ1577 በኦክስፎርድ በተሰየመ ችሎት ከእስረኞቹ ጋር የወህኒ ተስቦ አብሮ ገባ። ዳኛው፣ ሸሪፉና ሌሎች ሰዎች፣ በድምሩ ሦስት መቶ ያህል ሞቱ። ታሪኩ እስከ ዛሬ «ጥቁሩ ችሎት» ይባላል። ቅማሉ ፈራጅና ተፈራጅ አልለየም።

«ማስረጃ አምጣ»

በ1773 ጆን ሃዋርድ የሚባል ባለርስት የቤድፎርድሺየር ካውንቲ ሸሪፍ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ በአመዛኙ የክብር ነበር፤ የወህኒውን ነገር ለበታች ሹም ትቶ መቀመጥም የተለመደ ነበር። ሃዋርድ ግን ራሱ ወርዶ አየ።

ያገኛቸው ሰዎች ችሎት ነፃ ያላቸው ነበሩ። ከሳሻቸው ሳይቀርብ ቀርቶ ክሳቸው የወደቀም ነበሩ። ሁሉም ከችሎት ተመልሰው ወህኒ ገብተዋል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የጠባቂውን ክፍያ አልከፈሉም። ዳኛ የፈታውን ሰው ደረሰኝ አሠረው።

ሃዋርድ ወደ ካውንቲው ዳኞች ሄዶ ቀላል ሐሳብ አቀረበ፤ ጠባቂው ከእስረኛ መቀበሉ ይቅርና ከካውንቲው ደመወዝ ይቆረጥለት። ዳኞቹ ችግሩን አልካዱም። ነገር ግን ወጪውን በካውንቲው ላይ ከመጫናቸው በፊት ሌላ ካውንቲ እንዲህ ማድረጉን የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቁ። ሃዋርድ ማስረጃውን ፍለጋ ወደ ጎረቤት ካውንቲዎች ተነሣ። ያገኘው ግን ያንኑ ግፍ ሆነ፤ ቀጣዩም ካውንቲ፣ የዚያ ቀጣዩም እንዲሁ ነበር። ለአንድ ማስረጃ የተጀመረው ጉዞ የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ።

በ1774 በፓርላማ ቀርቦ ተናገረ፤ በዚያው ዓመት ሁለት ሕጎች ወጡ። አንዱ ነፃ የተባለ ሰው ያለ ክፍያ እንዲፈታ፣ ሌላው የእስረኞች ጤና እንዲጠበቅ የሚያዝ ነበር። በ1777 ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ አወጣ፤ በወህኒ ተስቦ የሚሞተው በገመድ ከሚሰቀለው እንደሚበልጥ ጻፈ። ሃዋርድ ራሱ በ1790 ዛሬ ዩክሬን ባለችው በኬርሶን ከተማ በትኩሳት ሞተ።

እንግሊዝ ከዚያ በኋላም ለመጨረስ አንድ መቶ ዓመት ፈጅቶባታል። የወህኒ ክፍያ በሕግ የተሻረው በ1815 ነው። በ1877 ደግሞ ፓርላማው የአካባቢ እስር ቤቶችን በሙሉ ከካውንቲዎች እጅ አውጥቶ በመንግሥት ሥር አደረጋቸው። የካውንቲ እስር ቤት በተወለደበት አገር በዚያው አበቃ።

ባሕር የተሻገረው ሸሪፍ

በአሜሪካ ግን አላበቃም። እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ሲሻገሩ ካውንቲውንም ሸሪፉንም ይዘው ሄደዋል። ቨርጂኒያ በ1634 በስምንት ካውንቲዎች ስትከፈል አሠራሩ የአገር ቤቱ ነበር። ክፍያውም አብሮ ተሻገረ።

የዚያ ዘመን ወህኒ ማንን ይዞ እንደነበር ለማወቅ ሮበርት ሞሪስን ማየት ይበቃል። ሞሪስ የነፃነት አዋጁን ከፈረሙት አንዱ፣ ለአብዮቱ ጦርነት ገንዘብ ያፈላለገ ባለጸጋ ነበር። በመሬት ንግድ ከስሮ ከ1798 እስከ 1801 በፊላደልፊያ በባለዕዳዎች እስር ቤት ተቀመጠ። አገር በገንዘቡ የቆመችለት ሰው በገንዘብ ታሰረ። በፌደራል ሕግ ለዕዳ ማሰር የቀረው በ1833 ነው።

በዚያው በፊላደልፊያ ትልቅ ለውጥ ተጀምሮ ነበር። የዎልነት ጎዳና እስር ቤት ከ1790 ጀምሮ ሰውን በእስር ለማረም የሚሞክር ቤት ሆነ፤ በ1829 ደግሞ በከተማዋ ዳር ታላቁ የስቴቱ ማረሚያ ቤት ተከፈተ። ከአውሮፓ ሳይቀር ሰዎች ሊጎበኙት መጡ። የተሐድሶ አራማጆች ዓይን፣ የበጎ አድራጊዎች ገንዘብ፣ የጋዜጦች ወሬ ወደ ፍርደኛው ቤት ሄደ። የቀጠሮኛው ቤት ተረሳ።

ይህን ካዩት እንግዶች አንዱ በ1831 የመጣው ፈረንሳዊው አሌክሲስ ደ ቶክቪል ነው። ከአዲሶቹ ማረሚያ ቤቶች ጎን አሮጌዎቹ እስር ቤቶች እንደ ጨለማ ዘመን ቅሪት ቆመው አገኛቸው። የአሜሪካንን የዋስትና ሕግም ታዘበ። ሕጉ ለድሃ ጠላት፣ ለሀብታም ወዳጅ ነው አለ፤ ሀብታሙ አስይዞ ይወጣል፣ ድሃው የሚያስይዘው ስለሌለው ገና ሳይፈረድበት ይታሰራል። ይህ የተጻፈው ከመቶ ዘጠና ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዛሬ የተጻፈ ቢባል የሚጠራጠር አይኖርም።

ሠላሳ ቀን እንዴት ዓመት ሆነ?

ክፍያው ከሁሉ የከፋ መልኩን የያዘው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በደቡብ ነው። በ1865 የጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን ሲከለክል አንድ በር ትቶ ነበር፤ በወንጀል የተቀጣ ሰውን አስገድዶ ማሠራት ይቻላል። የደቡብ ካውንቲዎች በዚያ በር ገቡ።

በመጋቢት 1908 በአላባማ ሼልቢ ካውንቲ ግሪን ኮተናም የሚባል የ22 ዓመት ጥቁር ወጣት «ሥራ ፈት ሆኖ በመዞር» ተያዘ። የተፈረደበት ሠላሳ ቀን የጉልበት ሥራ ነው። ከዚያ ሒሳቡ መጣ፤ የሸሪፉ፣ የምክትሉ፣ የችሎት ጸሐፊው ክፍያ። በዚያ አሠራር የእነዚህ ሰዎች ገቢ በየእስረኛው ከሚቆጠር ክፍያ ይገኝ ነበር። ኮተናም የሚከፍለው አልነበረውም። ያልከፈለው ገንዘብ በቀን እየተመነዘረ ሠላሳው ቀን ወደ አንድ ዓመት ተጠጋ። ካውንቲውም ለአንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በወር 12 ዶላር አከራየው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በዚያው ሞተ።

ኮተናምን ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ ያወረደው የተፈረደበት ቅጣት ብቻ አይደለም፤ ከቅጣቱ በላይ የረዘመው ደረሰኙ ነው። አላባማ እስረኛ ማከራየትን ያቆመችው በ1928 ሲሆን ከስቴቶቹ ሁሉ የመጨረሻዋ ናት።

ዋስ መሆን ንግድ ሲሆን

ለአማርኛ ተናጋሪ ዋስ ማለት ሰው ነው። «ዋስ ጥራ» የተባለ ሰው ጎረቤቱን ወይም የሥጋ ዘመዱን ይጠራል፤ ዋሱም ስሙንና ንብረቱን አስይዞ ይቆምለታል። የቀድሞው የእንግሊዝ ሕግም እንዲሁ ነበር። ዋሱ ከተያዘው ሰው ምንም አያተርፍም። የያዘው ዝምድናው ነበር፤ የተያዘው ሰውም ዋሱን እንዳያዋርድ ሲል ይመለሳል።

አሜሪካ ሰፊ ነበረች። ሰው ከማያውቁት ከተማ ወደማያውቁት ከተማ ይሄዳል፤ ዋስ የሚሆን ጎረቤት የለውም። በዚህ ክፍተት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነጋዴ ገባ። በሳን ፍራንሲስኮ የማክዶና ወንድማማቾች ድርጅት የዚህ ንግድ ፋና ወጊ ሆነ። አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ፍርድ ቤቱ 5,000 ዶላር ካለ፣ ቤተሰቡ ለዋስ ነጋዴው ብዙውን ጊዜ 10 በመቶውን ማለትም 500 ዶላር ይከፍላል፤ ነጋዴው ለሙሉው ገንዘብ ይቆማል። ተከሳሹ በቀጠሮው ቢቀርብም፣ ነፃ ቢወጣም፣ 500 ዶላሩ አይመለስም። ከጆን ሃዋርድ ዘመን የመውጫ ክፍያ የሚለየው ተቀባዩ ቢሮውን ከወህኒው በር ማዶ መክፈቱ ነው።

የገንዘብ ማስያዣ ደጋፊዎች ክርክር አላቸው፤ ገንዘቡ ከሌለ ሰው ለችሎት አይቀርብም ይላሉ። ክርክሩ በ1961 በኒው ዮርክ ተፈተነ። ሉዊስ ሽዋይትዘር የተባለ ባለሀብትና ኸርበርት ስተርዝ የተባለ የመጽሔት አዘጋጅ ቬራ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ሠራተኞቻቸው የተያዘውን ሰው ይጠይቃሉ፤ ሥራ አለህ ወይ? ከማን ጋር ትኖራለህ? በከተማው ስንት ጊዜ ቆየህ? ሥር ያለው ሰው ሆኖ ሲያገኙት ያለ ገንዘብ፣ በቃሉ ብቻ እንዲለቀቅ ለዳኛው ሐሳብ ያቀርባሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከተለቀቁት ውስጥ ሆን ብለው ከችሎት የቀሩት ከመቶ ሁለት አልሞሉም። ሰውን የሚመልሰው ገንዘቡ ብቻ እንዳልሆነ ታየ። በ1966 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፌደራል ፍርድ ቤቶች ይህን መንገድ የሚያስቀድም ሕግ ፈረሙ።

ካውንቲዎቹ ግን የፌደራል ፍርድ ቤት አይደሉም፤ በራሳቸው መንገድ ቀጠሉ። በ1983 በአካባቢ እስር ቤቶች የነበረው ሰው 223,000 ገደማ ነበር። ዛሬ ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

ከእነዚያ አንዷ ሳንድራ ብላንድ ነበረች። በሐምሌ 2015 በቴክሳስ ዎለር ካውንቲ ረድፍ ስትቀይር ምልክት አላሳየሽም ተብላ መኪናዋን አቆመች፤ ከፖሊሱ ጋር የተጀመረው ንግግር ወደ ግጭት አመራና ፖሊስን በመምታት ተከሰሰች። የተጠየቀችው ዋስትና 5,000 ዶላር፣ ለመውጣት በእጅ የሚያስፈልጋት 500 ዶላር ገደማ ነበር። ገንዘቡ ሳይሞላ በሦስተኛው ቀን በክፍሏ ውስጥ ሞታ ተገኘች። የአስከሬን ምርመራው ራሷን አጠፋች አለ። ቤተሰቧም ብዙ ሰዎችም አልተቀበሉትም። የሚያከራክረው ብዙ ነው፤ የማያከራክረው ግን 500 ዶላር በቦርሳዋ ቢኖር ኖሮ ያን ሌሊት እዚያ እንደማታድር ነው።

የሸሪፉ ማእድ ቤት

«ይህ ሁሉ የድሮ አሠራር ርዝራዥ ነው» የሚል ሰው ወደ አላባማ ይመልከት። የዚያ ስቴት አሮጌ ሕግ ለእያንዳንዱ እስረኛ ምግብ በቀን 1.75 ዶላር ለሸሪፉ ይሰጥ ነበር። የተረፈውን ሸሪፉ ለራሱ እንደሚወስድ ተደርጎ ይተረጎምም ነበር። ማለት፣ እስረኛው ባነሰ ቁጥር የበላ፣ ሸሪፉ በዛ ያለ ገንዘብ ይይዛል።

በ2009 የሞርጋን ካውንቲ ሸሪፍ ግሬግ ባርትሌት በሦስት ዓመት ውስጥ 212,000 ዶላር ያህል ከዚህ ገንዘብ መውሰዳቸውን በፌደራል ችሎት ተናገሩ። እስረኞቹ ለሳምንታት በርካሽ የተገዛ፣ በበቆሎ ሊጥ የተጠበሰ ቋሊማ ሲበሉ ነበር። ዳኛው ሸሪፉን ራሳቸውን ለአንድ ሌሊት አሰሯቸው። በ2018 ደግሞ የኤቶዋ ካውንቲ ሸሪፍ ቶድ ኤንትሬኪን ከ750,000 ዶላር በላይ መውሰዳቸውና በባሕር ዳር 740,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት መግዛታቸው በጋዜጣ ወጣ። ሸሪፉ ሕጉ ይፈቅድልኛል አሉ። መራጩ ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በፓርቲያቸው ምርጫ ጣላቸው። የስቴቱ ሕግ አውጪዎች በ2019 ያን ቀዳዳ ደፈኑት።

ልብ መባል ያለበት፣ ሁለቱ ሰዎች ከ1166 ጀምሮ የወረደውን አሠራር ነው የተከተሉት። የጠባቂው ኪስ ከእስረኛው ሆድ ጋር ከተያያዘ የትኛው እንደሚጎድል አስቀድሞ ይታወቃል።

ሒሳቡ ዛሬ በምን ይመጣል?

ዛሬ የእግር ብረት የሚያከራይ የለም። ሒሳቡ በሌላ ስም ይመጣል። ብዙ ካውንቲዎች ለእስር ቤቱ ስልክ ከኩባንያዎች ጋር ውል ገብተው ቤተሰብ ከሚከፍለው ላይ ድርሻ ሲቀበሉ ኖረዋል። እናት የልጇን ድምፅ ለመስማት ከምትከፍለው ከፊሉ ለወህኒው በጀት ይገባ ነበር። የስልክ ዋጋውን የሚቆጣጠር ሥልጣን ለፌደራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሰጠ ሕግ የተፈረመው በጥር 2023 ነው። ለአልጋው ራሱ በቀን የሚያስከፍሉ ካውንቲዎችም አሉ።

ሌላው ገቢ ኪራይ ነው። ካውንቲዎች ባዶ አልጋቸውን ለፌደራል መንግሥት በቀን ሒሳብ ያከራያሉ፤ ከተከራዮቹ አንዱ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ነው። በ1996 የወጣው ሕግ «287(ጂ)» በተባለው አንቀጹ የካውንቲ ሸሪፎች ከኢሚግሬሽን ጋር በውል እንዲሠሩ በር ከፍቷል። ስለዚህ በአሜሪካ ለሚኖር ወረቀቱ ላልተሟላ ሐበሻ፣ በትንሽ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ካውንቲ እስር ቤት አንድ ሌሊት ማደር ከአገር እስከመባረር ሊደርስ ይችላል። በአንዱ ካውንቲ ሸሪፉ ውል አለው፣ በጎረቤቱ ካውንቲ የለውም። ከዋሽንግተን ፖሊሲ ባልተናነሰ የሸሪፉ ፊርማ ዕጣውን ይወስነዋል።

ለውጥ የማይቻል አይደለም። በመስከረም 2023 ኢሊኖይ የገንዘብ ዋስትናን ሙሉ በሙሉ በማስቀረት ከስቴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ይህ ማለት የተያዘ ሁሉ ይለቀቃል ማለት አይደለም። ዐቃቤ ሕጉ «ይህ ሰው አደገኛ ነው» ወይም «ይሸሻል» ካለ በችሎት ያስረዳል፤ ተከሳሹ በጠበቃ ይመልሳል፤ ዳኛው ያስራል ወይም ይፈታል። በአሮጌው አሠራር ብር ያለው አደገኛ ሰው በአንድ ሰዓት ይወጣ ነበር፤ ብር የሌለው ምስኪን ወር ይቀመጥ ነበር። በአዲሱ አሠራር ቢያንስ የሚመዘነው ሰውየው እንጂ ኪሱ አይደለም።

የሚቀረው ክርክር የወጪ ነው። «ወንጀለኛውን ለማቆየት ግብር ከፋዩ ለምን ይከፍላል? ራሱ ይክፈል» የሚለው ንግግር ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ ከመቶው ሰባው ገና ወንጀለኛ አልተባለም። ሁለተኛ፣ ሰውን ማሰር የሕዝብ ሥራ ነው፤ በሕዝብ ስም ይፈጸማል። ሕዝብ ዋጋውን ካልከፈለ ስንት ሰው፣ ለስንት ጊዜ፣ ለምን እንደታሰረ ለመጠየቅ ምክንያት አይኖረውም። ነፃ የመሰለ ነገር ደግሞ ይበዛል። ወጪው በካውንቲው በጀት ላይ በግልጽ ሲታይ ብቻ ነው «ይህ ሰው እውነት እዚህ መቆየት አለበት?» የሚል ሰው የሚነሣው።

የአሜሪካ ሸሪፍ በአብዛኛው ስቴት በምርጫ የሚሾም ሰው ነው፤ የካውንቲውን በጀት የሚያጸድቁትም እንዲሁ ይመረጣሉ። በዜግነት የሚመርጠው ሐበሻ በየአራት ዓመቱ ለፕሬዚዳንት ይሰለፋል፤ በዚያው ወረቀት ታች ያለውን የሸሪፍ ስም ግን ብዙ ጊዜ ሳያነበው ያልፋል። ከዚያ ስም ፊት ቆም ብሎ መጠየቅ የሚገባው ሦስት ጥያቄ ነው። የስልኩ ገንዘብ ወዴት ይገባል? አልጋው ለማን ይከራያል? በዚህ ካውንቲ 500 ዶላር አጥቶ ስንት ሰው ያድራል?

የቤድፎርድ ዳኞች ሃዋርድን ማስረጃ አምጣ ብለውት ነበር። አሁን ማስረጃ የጎደለው ካውንቲ የለም፤ የጎደለው ጠያቂ ነው።